ለሌሊት ሳይክል ነጂዎች መብራት ያለው ሰደርያ፣ 40 ፍሬ (ሀዋሳ)፦ ክሩ፣ ባትሪው፣ እጥበቱ

ጥቁር_ውሃ_ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ላይ አንድ ድርጅት ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኞቹና ለጥበቃዎቹ 40 ሰደርያ ማሰፋት ይፈልጋል። አብዛኞቹ የሚመላለሱት በሳይክል ነው። የተጠየቀው ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ከጀርባው 6 ቀይ ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት)፣ ሌሊቱን የሚዘልቅ ባትሪ፣ በእጅ የሚታጠብ። «የልብ ምትና የሰውነት ሙቀትም ቢለካልን» የሚል ተጨምሮበታል። ያለው ማሽን ሲንግል ኒድል (ቀጥታ ስፌት ብቻ የሚሰፋ)ና ኦቨርሎክ (ጠርዝ እየቆረጠ የሚሰፋ) ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የአይዝጌ ብረት ክር፣ ባለ 3 ድር፣ ናሙናው እጅ ላይ አለ። መብራቱን በዚህ ክር ብቻ ማገናኘት ያዋጣል? ባትሪው ምን ይሁን? ከእጥበት በኋላ እንዳይሞትስ ምን ይደረግ?

ባለ_ቴስተር
መጀመሪያ ክሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከለክል በቴስተር ለካው፤ መለኪያው ኦም ይባላል። አንድ ሜትር ቁረጥና ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፍ አጥብቀህ ያዝበት። ባለ 3 ድር የአይዝጌ ብረት ክር ብዙውን ጊዜ በሜትር 30 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ባለ 2 ድር ከሆነ 50 ይደርሳል። ሻጩ የነገረህን ትተህ የለካኸውን ያዝ።

ከዚያ ሂሳቡ ቀላል ነው። ከጎን ኪስ እስከ ጀርባ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ መሄጃውና መመለሻው 1.2 ሜትር፣ ማለትም 36 ኦም ነው። ለእያንዳንዱ ቀይ ኤልኢዲ 330 ኦም ሬዚስተር (ፍሰቱን የሚገድብ ዕቃ) ብታደርግ በ3.7 ቮልት 5.5 ሚሊ አምፔር ያገኛል፣ ስድስቱ 33። ይህ መንገዱ ሽቦ ከሆነ ነው። በመካከል 36 ኦም ክር ሲገባ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 3.3 ብቻ ይሆናል። ባትሪው ወደ 3.2 ቮልት ሲወርድ ደግሞ 2.4። ይበራል፣ ግን ከኋላ ለሚመጣ ባጃጅ አይደለም። ክሩን ጥንድ አድርገህ ብትሰፋው ወደ 4.1 ይመለሳል።

ነጭ ወይም ሰማያዊ ኤልኢዲ በዚህ ክር አታስብ። ለመብራት ብቻ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ክሩ ድርሻውን ከበላ በኋላ የሚተርፍ ነገር የለም። ቀዩ በ1.9 ይረካል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ስድስቱን በተርታ ስታገናኝ የመጀመሪያው ደምቆ የመጨረሻው ይደበዝዛል። ፖዘቲቩን ከግራ፣ ኔጋቲቩን ከቀኝ አስገባ። ያኔ ለሁሉም የክሩ ርዝመት እኩል ይሆናል።

ሲንግል_ኒድል
የኤሌክትሪኩን ሂሳብ ባለ ቴስተር ጨርሶታል፣ የማሽኑን እኔ ልጨምር። ይህን ክር በመርፌው በኩል አታስገባው። የላዩ ክር አንድ ቦታ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በመርፌው ቀዳዳ ደጋግሞ ወዲያ ወዲህ ይፋተጋል። የብረት ክር ሲፋተግ ፀጉር ያወጣል፣ ፀጉሩ ጎረቤት መስመር ከነካ ሾርት ነው። ቦታው ቦቢን (የታችኛው ክር መጠምጠሚያ) ነው። በእጅ፣ በዝግታ ጠምጥመው። ከላይ ተራ ፖሊስተር ክር ይሁን፣ መርፌ 14 ቁጥር፣ ስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር (በፋብሪካ አነጋገር በኢንች 8 ገደማ)፣ ፍጥነቱ እንደ ጀማሪ።

የላዩን ውጥረት አላላው። ያኔ የሁለቱ ክር መቆላለፊያ ወደ ታች ይወርድና የብረቱ ክር ከጨርቁ ሥር ቀጥ ብሎ ይተኛል። ላዩ ከጠበቀ ክሩን እየሳበ ወደ ፊት ለፊት ያወጣዋል፤ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ርዝመት ይጨምራል፣ ኦሙም አብሮ። የቦቢን ኬዙ ብሎን እሩብ ዙር ሊላላ ይችላል፣ ይህ ክር ከተራው ይወፍራል። ኬዙን ለዚህ ሥራ ለብቻው መድቡት፤ አለዚያ ነገ ሸሚዝ ስትሰፉ ስፌቱ ይበላሻል።

መጀመሪያና መጨረሻ ላይ መመለሻ ስፌት አትሥራ። 10 ሳንቲ ሜትር ጭራ ትተህ በእጅ መርፌ ወደ ኤልኢዲው ቀዳዳ ውሰደው፣ 3 ወይም 4 ጊዜ አጥብቀህ ዙርበት፣ ቋጠረው። የብረት ክር ስፕሪንግ ስለሆነ ቋጠሮው ካልታሸገ ይፈታል፤ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ ይበቃዋል። ጭራውን የምትቆርጠው ጠብታው ከደረቀ በኋላ ነው።

የሥራ ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰርኪዩቱ የሚሰፋው የጀርባው ጨርቅ ገና ጠፍጣፋ ሳለ፣ ትከሻና ጎን ሳይገጠም ነው። ከተገጠመ በኋላ ማሽኑ ሥር ማዞር አትችልም። ኦቨርሎኩ ደግሞ ቢላ አለው፤ መስመርህን ከጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ አለዚያ መብራቱን ራስህ ትቆርጠዋለህ። በፖዘቲቩና በኔጋቲቩ መካከል ከ1 ሳንቲ ሜትር አታንስ።

ሽቦ_እና_መርፌ
ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን የተሳሳተውን ዕቃ በትክክል እንዴት መስፋት እንዳለበት እያስተማራችሁት ነው 😀 ለ40 ሰው የሥራ ልብስ የብረት ክር ለኃይል መስመር አይመረጥም። ክሩ ለመዳሰሻ፣ ለሴንሰር፣ ለኤግዚቢሽን ያምራል። ኃይል ግን በሽቦ ይሂድ።

ብዙ ቀጭን ድር ያለው፣ ልባሱ ሲሊኮን የሆነ 28 ቁጥር ሽቦ ፈልግ። በሜትር 0.2 ኦም ገደማ ነው፤ ለ1.2 ሜትር ሩብ ኦም። የክሩን 36 ኦም አስታውሰው። የፒቪሲ ልባስ ያለው ሽቦ ይደነድናል፣ በመበየጃ ካውያም ይቀልጣል። ሲሊኮኑ ካውያ ይችላል፣ ለስላሳም ነው።

ሽቦ የሚበጠሰው መሐሉ ላይ አይደለም። ሶልደር ሲደረግ (በቆርቆሮ ሲበየድ) ቆርቆሮው በድሮቹ መካከል ወደ ልባሱ ሥር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይሰርጋል፤ ያ ክፍል እንደ ሚስማር ይደርቃል። የደረቀው ከለስላሳው የሚገናኝበት ነጥብ ላይ ልብሱ በታጠፈ ቁጥር ያው አንድ ቦታ ይታጠፋል፣ ይቆረጣል። ስለዚህ ሶልደሩን በአጭር ጊዜ ጨርስ፣ መገጣጠሚያውን በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ሸፍን፣ ከዚያ 1 ሳንቲ ሜትር ርቀህ ሽቦውን በጨርቁ ላይ በክር ያዘው። በመያዣውና በሶልደሩ መካከል ትንሽ የኤስ ቅርጽ መጠባበቂያ ተው። ልብሱ ሲሳብ ኃይሉን የሚሸከመው የክሩ መያዣ ይሁን። ሱፐር ግሉ አትጠቀም፤ ሽቦውን ያደነድንና የመበጠሻውን ቦታ 1 ሳንቲ ሜትር ወዲያ ከማዛወር በቀር ምንም አይሠራም። ለስላሳ ሆኖ የሚደርቅ ሲሊኮን ይሻላል፣ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የማይሸተው ዓይነት። የሚሸተው አሲዱ መዳቡን ይበላል።

ሽቦውን ጨርቁ ላይ በዚግዛግ መያዝ ይቻል ነበር፣ ሲንግል ኒድል ብቻ ካለህ ግን ከጀርባ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጨርቅ መተላለፊያ ስፋና ሽቦውን ውስጡ አሳልፈው። እንዲያውም ይሻላል፤ ሲበላሽ ሳትፈታ ትስበዋለህ።

ደግሞ ባትሪና ሰርኪዩቱ ከልብሱ መውጣት አለበት። ጉግልና ሊቫይስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት የሳይክል ነጂዎች ጃኬት እንኳ ኤሌክትሮኒክሱ ከእጅጌው የሚነቀል ነበር፣ የተሸመነው ክር ብቻ ነው ውስጡ የሚቀረው። እንደዚያም ሆኖ ለ10 እጥበት ያህል ነው ዋስትና የተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሚሠራበት የስልክ አፕ ሲዘጋ ጃኬቱ ተራ ጃኬት ሆነ። በስልክ አፕ ላይ የሚንጠለጠል ልብስ ለጥበቃ ሠራተኛ አትሥራ፤ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃዋል።

ጥቁር_ውሃ_ዳር
ሽቦው ገባኝ። ለማብልጭለጭ 555 የሚባለው አይሲ (ጊዜ የሚቆጥር ቺፕ) ቢሆንስ? ባትሪውስ? ደንበኛው «ፓወር ባንክ አድርግበት» እያለ ነው።

ባለ_ቴስተር
ፓወር ባንክ አይሆንም። አብዛኛው የሚወጣው ኃይል ከ50 ወይም ከ100 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ «የተሰካ ነገር የለም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። የአንተ ሰደርያ 33 ነው የሚስበው። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ስፌቱን ይወቅሳል።

ተራው ኤንኢ555 ቢያንስ 4.5 ቮልት ይፈልጋል፤ በ3.7 ሊሠራም ላይሠራም ይችላል፣ ሁለቱም ስለሚሆን ነው አስቸጋሪው። አይሲኤም7555 ወይም ቲኤልሲ555 ውሰድ፣ ከ3 ቮልት በታችም ይሠራሉ። በ10 ኪሎ ኦምና በ68 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ በ4.7 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በሰከንድ 2 ጊዜ ገደማ ይበራል፣ ከጊዜው ግማሹን ትንሽ አለፍ ብሎ በርቶ ይቆያል። ኤልኢዲዎቹን ግን በቀጥታ ከአይሲው እግር አትንዳ፤ በ2ኤን2222 ትራንዚስተር አሳልፍ፣ ቤዙ (የመቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ 1 ኪሎ ኦም።

ሳያቋርጥ ከበራ 33 በ12 ሰዓት 400 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ከተብለጨለጨ 210 ቢሆን ነው። ስለዚህ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያላት ጠፍጣፋ የሊትየም ባትሪ ትበቃለች። አሁን አደጋው ቻርጀሩ ላይ ነው። በየሱቁ የሚገኘው ቲፒ4056 ቦርድ ላይ የተበየደው ሬዚስተር 1.2 ኪሎ ኦም ነው፣ ይህም 1 አምፔር ቻርጅ ማለት ነው። ለ500ዋ ባትሪ እጥፍ ነው፤ ትሞቃለች፣ ከጊዜ በኋላ ታብጣለች። ያችን ሬዚስተር አንሳና 5 ኪሎ ኦም አድርግ፣ ወደ 250 ሚሊ አምፔር ይወርዳል። ቦርዱ ከመከላከያው ጋር ያለው ዓይነት ይሁን፤ መለያው ከቲፒ4056 ሌላ ዲደብሊው01 የሚል ትንሽ አይሲ መኖሩ ነው።

ክቧን 18650 የሊትየም ባትሪ የሚያቀርብልህ ሰው ካለና ላይዋ 9800 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ከተጻፈ መልስለት። እውነተኛዋ ከ3600 ብዙም አትዘልም፣ ክብደቷም 45 ግራም አካባቢ ነው። ሚዛን ላይ 30 ግራም ከሆነች ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቀጭኗ_ድንጋይ
ለ40 ሰው 40 የሊትየም ባትሪ ማን ነው ቻርጅ የሚያደርገው? ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ካልሲ በሚደርቅበት ገመድ ሥር? ሦስት ቀጭን የሪሞት ድንጋይ በፕላስቲክ ቤቱ አድርግለት። 4.5 ቮልት ነው፤ ሬዚስተሩን ወደ 470 ኦም ቀይረው፣ ያው 5.5 ሚሊ አምፔር ይሰጥሃል። አልካላይን ከሆነ ሳያቋርጥ በርቶ ከሁለት ሌሊት በላይ ይሄዳል፣ ሲብለጨለጭ ደግሞ እጥፍ። ሲያልቅ ከየትኛውም ሱቅ ይገዛል። በፀሐይ ቆሞ ከዋለ ባጃጅ ውስጥ ቢረሳም አይፈነዳም። ወጪው በረጅም ጊዜ ከፍ ይላል፣ ልክ ነው፤ ግን ሰደርያው ይበራል።

ባለ_ቴስተር
በዚህ አልከራከርም። ቻርጅ የሚቆጣጠር ሰው ከተመደበ ሊትየም፣ ካልተመደበ ድንጋይ። በ4.5 ቮልት ደግሞ 7555ቱም ደስ ይለዋል። ድንጋዩን ለወራት በማይለበስ ሰደርያ ውስጥ ግን አትተው፣ ይፈሳል።

ባዮ_ሜድ
ስለ ልብ ምቱና ስለ ሙቀቱ ማንም አልመለሰም። አጭሩ መልስ፦ ከዚህ ሰደርያ አውጣው።

ሰደርያ የላላ ልብስ ነው፣ ከሹራብ ወይም ከካፖርት በላይ የሚደረብ። በእጅ ሰዓት ላይ የሚታየው አረንጓዴ መብራት ምት የሚያነበው ከቆዳ ጋር ሳይንቀሳቀስ ስለተጣበቀ ነው። የ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ብርሃኑ በጎን ይገባል፣ የምታነበው የሳይክሉን እንቅስቃሴ ይሆናል። በኤሌክትሮድ (ቆዳ ነክቶ የልብን ኤሌክትሪክ በሚቀበል ነገር) ልታነብ ከፈለግህ ደረት ላይ ከጡት ጡንቻ ሥር የሚያርፍ የላስቲክ ቀበቶ ያስፈልጋል፦ ሁለት ብር የተቀባ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ 2 በ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከጀርባቸው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ወደ ቆዳ እንዲጫናቸው፣ በመካከል ኤዲ8232 ዓይነት ማጉያ። ደረቅ ሆኖ ሲለበስ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚነበበው ትርምስ ነው፤ በውሃ ማራስ ወይም እስኪያልብ መጠበቅ ነው። ብሩ ላብ ውስጥ ባለው ጨው ይጠቁራል፤ በረኪና ከነካው ደግሞ ወዲያው አለቀለት። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚገኘው ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የስፖርት ቀበቶ አይበልጥም። አስፈላጊ ከሆነ ያንን ይግዙ።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ቴርሞሜትሩ 0.1 ዲግሪ ትክክለኛ ቢሆን እንኳ የሚለካው ቆዳን ነው። ቆዳ ደግሞ እንደ ነፋሱና እንደ ላቡ ሲዋዥቅ 33ም 35ም ይሆናል፣ የውስጥ ሙቀቱ ሳይነቃነቅ። ከዚህ ተነሥቶ «ትኩሳት አለው» ማለት አይቻልም። ድርጅቱ የሚጨነቀው ለምሳሌ በቦይለር ወይም በካውያ ክፍል ስላለ ሙቀት ከሆነ፣ የሚለካው ክፍሉ ነው፤ እርጥበትን፣ ጨረርንና የአየር ሙቀትን አንድ ላይ የሚያሰላ መሣሪያ አለ፣ ደረጃውም አይኤስኦ 7243 ነው። በሰው ላይ የሚለበስ ሴንሰር ያንን አይተካም።

ደግሞም የጤና መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሠራተኛን የልብ ምት በአለቃ ስልክ ላይ መሰብሰብ የልብስ ሰፊ ሥራ አይደለም።

አሞራ_ገደል
ሀዋሳ ላይ ብልህ ጨርቅ የምር ገንዘብ የሚያወጣው ሌላ ቦታ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች አንሶላና ፎጣ በየቀኑ ይጠፋባቸዋል። በጠርዙ ውስጥ የምትሰፋ የጨርቅ መለያ አለች፣ ባትሪ የላትም፣ አንባቢው በሬዲዮ ሞገድ ያነቃታል፤ ላውንደሪ ተብለው የሚሸጡት ለ200 እጥበት ያህል ተሠርተዋል፣ ካውያም ይችላሉ። አንድ ጋሪ ሙሉ አንሶላ ሳይፈታ ይቆጠራል። እርጥብ ሳለ ግን አታንብበው፣ ውሃ ሞገዱን ይውጠዋል። ከብረት ጋሪም አርቀው።

ሲንግል_ኒድል
ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለብቻው ርዕስ ክፈትለት። እዚህ ሰደርያውን እንጨርስ።

አንጸባራቂው ላይ ማንም አልተናገረም፣ ከመብራቱ የሚበልጠው ግን እሱ ነው፤ ባትሪ አያልቅበትም። አይኤስኦ 20471 (ለደማቅ የሥራ ልብስ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ) በሁለተኛ ደረጃ የሚጠይቀው 0.50 ካሬ ሜትር ደማቅ ጨርቅና 0.13 ካሬ ሜትር አንጸባራቂ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ 0.13 ማለት 2.6 ሜትር ነው። ለ40 ሰደርያ 104 ሜትር፤ ቁርጥራጩን ጨምረህ 115 እዘዝ። የታችኛው ቀለበት (ገላውን የሚዞረው ጥብጣብ) ከልብሱ ጠርዝ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፣ በሁለቱ ቀለበቶች መካከልም ያንኑ ያህል። ፊት ለፊት በመዝጊያው የሚፈጠረው ክፍተት ከ50 አይብለጥ። የደረጃውን ቁጥር መለያው ላይ ለመጻፍ ጨርቁም ጥብጣቡም በላብራቶሪ የተፈተሸ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ልኩን ተከተል፣ ቁጥሩን ግን አትጻፍ።

ኤልኢዲዎቹን ጥብጣቡ ላይ አትብሳ። በተበሳ ቁጥር የሚያንጸባርቀው ቦታ ይቀንሳል፣ ውሃም ከሥሩ ይገባል። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ባለው ቢጫ ላይ ይሁኑ። ጥብጣቡን ስትሰፋ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር፣ ስፌቱ ረዘም ያለ። ካውያ በቀጥታ አይንካው።

ፒያሳ_ወደ_ታቦር
ከጀርባ መሐል ላይ መብራት? ሳይክል ነጂው ቦርሳ ይይዛል። ምሳ ዕቃው፣ ሹራቡ፣ ሁሉም እዚያ ቦርሳ ውስጥ ነው። ስድስቱም ይሸፈናሉ። ሁለቱን ትከሻ ላይ፣ አራቱን ከወገብ በታች ባለው ጠርዝ አካባቢ አድርግ። ጥበቃዎቹ ደግሞ በብርድ ካፖርት ስለሚለብሱ ልኩ ከካፖርት በላይ ይያዝ፤ ጎኑ በቬልክሮ የሚሰፋና የሚጠብ ቢሆን አንድ ልክ ለብዙ ሰው ይሆናል።

ላውንደሪ_ክፍል
እጥበት። ውሃ ወይም ሳሙና ሽቦውን አይገድልም፤ የሚገድለው መጠምዘዝ ነው። እኛ ዘንድ ልብስ ሲታጠብ ሁለት ሰው ይዞ ነው የሚጠመዝዘው፤ ለዚህ ሰደርያ ክልክል። ባትሪው ይውጣ፣ ልብሱ ይገልበጥ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ፣ በእጅ እየተጫነ ይታጠብ፣ ሳይጠመዘዝ ይንጠብጠብ፣ በጥላ ይድረቅ። ደማቁ ቢጫ በፀሐይ ይነጣል። በረኪና የለም፣ ማለስለሻም የለም፤ ማለስለሻው ባትሪውን በሚያገናኙ የብረት ቁልፎች ላይ ሽፋን ትቶ መገናኛውን ያበላሻል። ይህን በአማርኛ በጨርቅ መለያ አሳትመህ አንገቱ ላይ ስፋው። ከነባትሪው ቢነከር ወዲያው ባይሞትም፣ እርጥብ ሳለ ኃይል ሲያልፍበት ፖዘቲቩ በኩል ያለው ብረት ይበላል፤ አረንጓዴ ዝገት ካየህ ምክንያቱ ይኸው ነው።

40ውን ከመስፋትህ በፊት አንድ ናሙና 10 ጊዜ ይታጠብ። በየእጥበቱ መጨረሻ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ ከባትሪ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ኤልኢዲ ያለውን ሽቦ ለካ። ቴስተሩን ይዘህ ልብሱን እጠፍ፣ ዘርጋ። ቁጥሩ ከዘለለ መገጣጠሚያው ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ገና ሳይጠፋ ታገኘዋለህ። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ብቻ መለካት ዋጋ የለውም፤ የተሰነጠቀ ሽቦ ተዘርግቶ ሲቀመጥ ደህና ይመስላል።

ጥቁር_ውሃ_ዳር
ሽቦ፣ ሦስት ድንጋይ፣ 7555፣ መብራቱ ትከሻና ጠርዝ ላይ። ሴንሰሩን ለደንበኛው አስረዳለሁ። አንድ ቀረኝ፦ የባትሪ ቤቱን ከሽቦው የሚያገናኘው በመጫን የሚዘጋ የብረት ቁልፍ ቢሆን ይይዛል? ተገልብጦ እንዳይገባስ?

ሽቦ_እና_መርፌ
ይይዛል። ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር፣ ኒኬል የተቀባ ነሐስ፤ የብረት ከሆነ ይዝጋል፣ በማግኔት ፈትሸው። በልብሱ በኩል ፖዘቲቩን ወንዴ፣ ኔጋቲቩን ሴቴ አድርግ፣ በባትሪው ኪስ በኩል ተቃራኒውን። ያኔ ተገልብጦ ሊገባ አይችልም። በሁለቱ መካከል 4 ሳንቲ ሜትር ተው፣ ሳንቲም ወይም ቁልፍ ኪስ ውስጥ ገብቶ እንዳያገናኛቸው። ሶልደሩን ቁልፉ ከመመታቱ በፊት በጠርዙ ላይ ሥራ፤ ከተመታ በኋላ ከሆነ የካውያው ሙቀት ፖሊስተሩን ያቀልጠዋል። ከቁልፉ ሥር ሁለት ድርብ ጨርቅ አድርግ፣ አለዚያ ሲነቀል ከነጨርቁ ይመጣል።